ገበያን የሚጠብቀው ማን ነው?

ገበሬ ያለ ነጋዴ፣ ነጋዴም ያለ ገበሬ ሊኖር እንደማይችል የታወቀ ነው። ጨው ያጣ ደገኛ ጨው ፍለጋ ይወርዳል፤ እህል ያነሰው ቆለኛ እህል ፍለጋ ይወጣል፤ ሁለቱም የሚገናኙበት ስፍራ ገበያ ይባላል። በገበያ የሚገናኙት ሰዎች ብዙውን ጊዜ አይተዋወቁም፤ ሃይማኖታቸውም ሆነ አገራቸው ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ አንዱ ሌላውን የሚያምነው በዝምድና ሳይሆን በሚዛን ነው። ሚዛን ከጠፋ እምነት ይጠፋል፤ እምነት ከጠፋም ገበያው የጠብ ሜዳ ይሆናል።

ወጣት አንባቢ ሆይ! በገበያ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሌባ እንዳለ አስተውል። አንደኛው በእጁ ይሰርቃል፤ ከመቀነት ገንዘብ ፈትቶ ወይም ከመደብ ዕቃ መንትፎ ይሮጣል። ሁለተኛው በሚዛኑ ይሰርቃል፤ ቁናውን ያጎድላል፣ በርበሬውን ከሸክላ ዱቄት፣ ማሩን ከስኳር ይቀላቅላል። የመጀመሪያው ሲሮጥ «ሌባ! ሌባ!» ይባልበታል፤ ሁለተኛው ግን ተቀምጦ ሳለ «እግዜር ይስጥልኝ» ይባልለታል። ከሁለቱ የትኛው ብዙ ቤት እንደሚያራቁት ለመገመት አዋቂ መሆን አያስፈልግም። አባቶቻችን እነዚህን ሁለት ሌቦች እንዴት ይጠብቋቸው እንደ ነበር፣ ከእነርሱም ምን መማር እንዳለብን በዚህች ጽሑፍ ላሳይህ እወዳለሁ። በመጨረሻም ከራሴ ሕይወት አንድ ነገር እነግርሃለሁ፤ እርሱን መናገር ግን አይቀለኝም።

አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን መናገሻ ካደረጓት በኋላ ከተማዪቱ የነገሥታት መኖሪያ ብቻ ሳትሆን የነጋዶችም መተላለፊያ ሆነች። ከአባይ ማዶ ወርቅ፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ እየመጣ በጎንደር በኩል ወደ መተማና ወደ ምጽዋ ይወርድ ነበር። ወደ ምጽዋ የሚሄደው ነጋዴ ወገራን አቋርጦ፣ ደባርቅን አልፎ፣ የሊማሊሞን ገደል ቁልቁል ይወርዳል። ከሩቅ መንገድ ነጋዶች ብዙዎቹ እስላሞች ሲሆኑ ሰፈራቸው በከተማው ግርጌ ነበር። መንገዱ ሽፍታ ስለማይለየው ብቻውን የሚጓዝ የለም፤ ሁሉም በሲራራ ተሰብስቦ በአንድ አለቃ ይመራ ነበር። ነጋድራስ የሚለው ስም ትርጓሜው የነጋዶች ራስ ማለት ነው፤ ኋላም ነጋድራስ ቀረጥ የሚያስከፍል፣ በነጋዴና በነጋዴ መካከል የተነሣውን ክርክር የሚዳኝ ትልቅ ሹም ሆነ።

ነገር ግን ነጋድራሱ በየመደቡ ተገኝቶ እያንዳንዱን ቁና ሊያይ አይችልም ነበርና፣ በዚያን ዘመን እያንዳንዱ ገዢ የራሱ ዘበኛ ነበር። ይህንንም በገንዘቡ እንመልከተው። በጎንደር ገበያ ከሚሠራባቸው ገንዘቦች አንዱ ከአፋር ሜዳ እየተቆረጠ የሚመጣው አሞሌ ጨው ነበር። አሞሌ ዝናም ሲነካው ይሟሟል፤ ጫፉም ሲሸረፍ ዋጋው ይወርዳል። ስለዚህ ተቀባዩ አሞሌውን አገላብጦ፣ ዳርና ዳሩን በጣቱ ዳስሶ ይቀበል ነበር። ሁለተኛው ገንዘብ የማሪያ ቴሬዛ ብር ነበር። ይህ ብር በኦስትሪያዪቱ ንግሥት ስም የተመታና እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የ1780 ዓመት ቁጥር ያለበት ነው። የአገራችን ሰው ፊደሉን ሊያነብ ባይችልም በንግሥቲቱ ዘውድና በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉትን እንቁዎች አንድ በአንድ ይቆጥር፣ ቁጥሩ ከጎደለም «ይህ አይሆነኝም» ብሎ ይመልስ ነበር። መንገደኞች ፈረንጆች ይህን አይተው እንደ አለማወቅ ቆጥረውታል። እኔ ግን እንደ አለማወቅ አልቆጥረውም። ማንበብ የማይችል ሰው ራሱን ከአታላይ ለመጠበቅ ያበጀው ጥበብ ነውና። የወርቅ መመዘኛው ወቄት እንኳ ከዚሁ ብር ክብደት ጋር ይስተካከል ስለ ነበር፣ ብሩን ማወቅ ሚዛኑን ማወቅ ነበር።

በእጁ የሚሰርቀውንና መንገድ የሚዘርፈውን ለመቅጣት ግን የግለሰብ ጥንቃቄ አይበቃም። በየካቲት 1847 ዓ.ም. በሰሜን አውራጃ በደረስጌ ማርያም ዘውድ የደፉት አፄ ቴዎድሮስ፣ ገበሬው ወደ እርሻው፣ ነጋዴውም ወደ ንግዱ እንዲመለስ አዋጅ አስነገሩ። በዜና መዋዕላቸው እንደሚተረከው፣ በዝርፊያ የታወቁ የአንድ አገር ሰዎች ይህን ሰምተው መሣሪያቸውን እንደ ያዙ መጡና «የእኛ የአባታችን ሥራ መቀማት ነው፤ ይፈቀድልን» አሉ። ንጉሡም በሬና ማረሻ ልስጣችሁ ቢሏቸው እንቢ አሉ፤ ዳግመኛም በድፍረት ሲመጡ በወታደር አስፈጇቸው። መንገዱም ለጊዜው ጸጥ አለ። ነገር ግን ታሪኩን እዚህ ላይ ብንዘጋው ግማሹን ብቻ እንናገራለን። ይኸው ንጉሥ በ1859 ዓ.ም. ራሷን ጎንደርን አስዘረፏት፤ በ1880 ዓ.ም. ደግሞ ደርቡሾች ገብተው አቃጠሏት። ሽፍታውን ያጠፋ ሰይፍ ሕግ ከሌለው መልሶ በነጋዴው አንገት ላይ እንደሚያርፍ ከዚህ እንረዳለን።

አሁን ደግሞ አባቶቻችን የጠፋ ዕቃ ሲሆን ሌባውን እንዴት ይፈልጉት እንደ ነበር እንመልከት። ሁለት መንገድ ነበራቸው። አንደኛው ሌባ ሻይ ይባላል። አንድ ልጅ መድኃኒት አጠጥተው፣ አጢሰውም፣ ራሱን በሳተ ጊዜ በወገቡ መቀነት አስረው ይለቁታል፤ ሰውም ይከተለዋል። ልጁ እየተንገዳገደ ሄዶ ከአንድ ቤት ገብቶ ከወደቀ የዚያ ቤት ጌታ ሌባ ተብሎ ይከፍላል። ምስክር አይጠየቅም፤ ተከሳሹም ምን አለህ አይባልም። ስንት ንጹሕ ሰው በዚህ ምክንያት ቤቱ እንደ ተፈታ የሚያውቅ እግዚአብሔር ነው። ኋላም መንግሥት ከለከለው፤ መልካም አደረገ።

ሁለተኛው መንገድ አውጫጭኝ ይባላል፤ በሌላው አገር አፈርሳታ ይሉታል። የመንደሩ ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ፣ ሌባው እስኪታወቅ ድረስ ወደ ሥራው እንዳይሄድ ይከለከላል፤ የቀረ ሰው መቀጫ ይከፍላል። ያየ ሰው በምስጢር ለተመረጡት ሽማግሎች ይናገራል፤ ስሙም እንዳይገለጥ «ወፍ» ይባላል። ሌባው ካልተገኘ ግን አገሩ በሙሉ አዋጥቶ የጠፋውን ይከፍላል። ይህ ሥርዓት ጉድለት ነበረበት፤ ቂመኛ ሰው ወፍ ሆኖ ጠላቱን ሊያጠፋ ይችል ነበር፤ ድኻም ከእርሻው ተለይቶ ይጉላላ ነበር። ነገር ግን አንድ ትልቅ እውነት በውስጡ አለ። እርሱም፦ እያወቀ ዝም ያለ ሰው ከዕዳው ነጻ አይደለም የሚል ነው። እንግዲህ ሌባ ሻይ ሳያዩ መፍረድ ነው፤ አውጫጭኝ ደግሞ ያየውን ማናገር ነው። ይህን ልዩነት ልብ በል፤ በኋላ ይጠቅመናል።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አልነበረም። በጥንቷ አቴና ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት የገበያውን ሥርዓት የሚጠብቁ፣ እንደገናም ሚዛንና መስፈሪያን ብቻ የሚመረምሩ ሹሞች ነበሩ። በእስላም አገሮች ሙሕተሲብ የሚባል ሹም በገበያ እየዞረ ሚዛኑን ይፈትን፣ የተበላሸ ምግብ የሚሸጠውን ይቀጣ ነበር። በእንግሊዝ አገር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1266 ዓ.ም. ገደማ የዳቦን ክብደትና ዋጋ የሚወስን ሕግ ወጣ፤ ዳቦ ያጎደለ ጋጋሪም ይቀጣ ነበር። በለንደን ከተማ ግን በሮበርት ፒል አሳሳቢነት ደንብ ልብስ የለበሰና ደመወዝ የሚከፈለው ፖሊስ የተቋቋመው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1829 ዓ.ም. ነው። አስተውል፤ ሚዛን መርማሪው ከፖሊስ ሠራዊት በብዙ መቶ ዓመት ይቀድማል። ሕዝቦች ሁሉ አስቀድመው የፈለጉት ዱላ የያዘ ዘበኛ ሳይሆን ሁሉም የሚስማማበት መስፈሪያ ነበር ማለት ነው።

በአገራችን ጣሊያን ከወጣ በኋላ የፖሊስ ሠራዊት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ተቋቋመ። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ስርቆትንና ማታለልን ለየብቻቸው ወንጀል አድርጎ ደነገገ። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ወደ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ አዘዘ። በ1950ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ላይም ኪሎና ሜትር የአገሪቱ ሕጋዊ መለኪያ እንዲሆኑ ታወጀ። በወረቀት ላይ ምንም የጎደለ አልነበረም፤ ፖሊስም፣ ሕግም፣ ሚዛንም ነበረን። እንግዲህ ከዚህ ሁሉ በኋላ ምን እንደ ጎደለ ልንገርህ።

በ1962 ዓ.ም. የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኜ በሚሲዮን ትምህርት ቤት እማር ነበር። እናቴ ድኻ ስለ ነበረች ቅዳሜ ቅዳሜ በጎንደር ከተማ በአንድ ሱቅ እየተላላክሁ ለደብተርና ለእርሳስ የሚሆን እሠራ ነበር። በሱቁ ውስጥ ሁለት ሳህን ያለው ትንሽ ሚዛን ነበር፤ የሚመዝነውም ኪሎ በኪሎ ነው። አንድ ቀን ሚዛኑን ስወለውል ዕቃ በሚቀመጥበት ሳህን ሥር ቁራጭ እርሳስ በሰም ተጣብቆ አገኘሁ። በጣቴ ነክቼው ዝም አልሁ። ምን እንደሚሠራ ገብቶኝ ነበር፤ ሂሳብ እወድ ነበርና። ያ ቁራጭ እርሳስ ከእያንዳንዱ ኪሎ አንድ መቶ ግራም ያህል ይበላ ነበር።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ከወገራ የመጡ አንዲት እናት ለባላቸው ተዝካር አምስት ኪሎ ቡና ገዙ። ቡናውን እስከ ማደሪያቸው ያደረሰላቸው የእኔ እኩያ የሚሆን ልጅ ነበር። አባትና እናት አልነበሩትም፤ በገበያው ሸክም እየተሸከመ ያድር ነበር። እናቲቱ ካደሩበት ቤት ሚዛን ነበርና ቢመዘን ቡናው አራት ኪሎ ተኩል ሆነ። ወዲያው ተመልሰው መጥተው ለባለ ሱቁ ነገሩት። እርሱም ፊቱ ሳይለወጥ «እኔ በዓይንዎ እያዩ አምስት ጊዜ መዝኛለሁ፤ የተሸከመውን ይጠይቁ» አላቸው። የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ የሚባለው ይህ ነው።

ያን ጊዜ ገበያው ሁሉ «ሌባ! ሌባ!» አለ። ልጁን ከጮኹበት መቶ ሰዎች መካከል ሲሰርቅ ያየው አንድም አልነበረም። በጥፊና በርግጫ ካጣደፉት በኋላ አንድ የፖሊስ አሥር አለቃ ደርሰው ከእጃቸው አወጡት። እኒህ ሰው ሥራቸውን የሚያውቁ ነበሩ። «ማን አየ?» ብለው ጠየቁ፤ ሕዝቡ ዝም አለ። «እንግዲያው ሚዛኑን አያለሁ» ብለው ልጁን ለጓደኛቸው አስረክበው ወደ ሱቁ መጡ። ባለ ሱቁ ግን አሥር አለቃው ሕዝቡን ሲጠይቁ ሳለ ቀድሞ ገብቶ «ይህን ቶሎ ፋቅልኝ» ብሎ ቢላዋ ሰጥቶኝ ነበር። እኔም ፋቅሁት። አሥር አለቃው ሲገቡ ሚዛኑ ባዶውን ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር። አሥር አለቃው ሚዛኑን አዩና ወደ እኔ ዞረው «አንተስ፣ ልጄ፣ የምታውቀው ነገር አለ?» አሉኝ።

«የማውቀው የለም» አልኋቸው።

ልጁ በጣቢያ ሁለት ሌሊት አደረ። ማስረጃ ስላልተገኘበትም ተለቀቀ፤ ሕጉ ሥራውን ሠራ። ገበያው ግን አልለቀቀውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕቃውን የሚያሸክመው ሰው ጠፋ። በመጨረሻም ከሰሊጥ አጫጆች ጋር ወደ ሁመራ ወረደ ሲሉ ሰማሁ፤ ሲመለስ አላየሁትም። ባለ ሱቁ በዚያው ማታ አንድ ስሙኒ ሰጠኝ። በስሙኒው ደብተር ገዛሁ፤ በዚያም ደብተር ላይ በማግሥቱ ሳምንት በሐሰት አትመስክር የሚለውን ትእዛዝ በቁም ጽሕፈት ጻፍሁ፤ መምህሬም ጽሕፈቴን አመሰገነው።

ወጣት አንባቢ ሆይ! በዚያ ቀን ምን እንደ ጎደለ አሁን ታያለህ። ፖሊስ አልጎደለም፤ አሥር አለቃው ቅን ሰው ነበሩ። ሕግም አልጎደለም። የጎደለው የእኔ አንድ ቃል ነበር። በዚያ ገበያ የማያውቀው ሁሉ ጮኸ፤ የሚያውቀው አንዱ ግን ዝም አለ። የማያውቁት ሰዎች ጩኸት ሌባ ሻይ ነው፤ መድኃኒት የጠጣ ልጅ በሰው ቤት ላይ እንደሚወድቅ በአንድ ድኻ ላይ ወደቁበት። የእኔ ዝምታ ደግሞ ከአውጫጭኝ ሸሽቶ እንደ ቀረ ሰው ነው፤ ያውም መቀጫ ሳልከፍል። አገራችን «ዝም አይነቅዝም» ትላለች፤ ምላስን ከከንቱ ነገር ለመጠበቅ ይህ መልካም ምክር ነው። ነገር ግን ምስክርነት በሚፈለግበት ስፍራ ዝምታም ይነቅዛል። የእኔው ከሃምሳ ዓመት በላይ ሲነቅዝ ኖሯል።

ኋላ አስተማሪ ሆኜ በዳባትና በደባርቅ ስሠራ፣ ሚዛን ለልጆች በማስተምርበት ቀን ሁሉ አስቀድሜ ባዶውን ሚዛን እንዲያዩ አደርጋቸው ነበር። «ዕቃው ከመቀመጡ በፊት ተመልከቱ» እላቸው ነበር። ለምን እንደሆነ ግን አልነገርኋቸውም። ዛሬ ለአንተ ነገርሁህ።

ይህ የድሮ ወሬ ነው፣ ዛሬ ኤሌክትሪክ ሚዛን አለ ትል ይሆናል። ሚዛን ቢለወጥ የሰው ልብ አልተለወጠም። በ2000 ዓ.ም. የብሔራዊ ባንክ ወደ ደቡብ አፍሪካ የላከው ወርቅ በወርቅ የተለበጠ ብረት ሆኖ ተገኝቶ እንደ ተመለሰ የዓለም ጋዜጦች ጽፈዋል፤ ሰዎችም ታስረዋል። አያቶቻችን ለአንድ ብር እንቁ ይቆጥሩ ነበር፤ እዚህ ግን ጥፉ ወርቅ ያለ በቂ ፍተሻ ባሕር ተሻገረ። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ኖቶች የተለወጡበት አንዱ ምክንያት ሐሰተኛ ገንዘብን ለመከላከል ነበር። ዛሬ ደግሞ በስልክ ገንዘብ የላከ መስሎ ሐሰተኛ መልእክት አሳይቶ ዕቃ ይዞ የሚሄድ አለ፤ እንጀራን ከጀሶ፣ ቅቤን ከሌላ ስብ የሚቀላቅልም አለ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ እንዲህ ያለውን ሥራ ይከለክላል። ነገር ግን አዋጅ እንደ ጎንደር ግንብ ነው፤ ቢያምርም በር ጠባቂ ከሌለው ማንም ይገባበታል።

እንግዲህ ገበያን የሚጠብቀው ማን ነው? ፖሊስ ነው ብትል ግማሹን መለስህ። ፖሊስ የሚያየው በምስክር ዓይን ነው፤ ዳኛም የሚሰማው በምስክር አፍ ነው። ምስክሩ ከሸሸ ፖሊሱ የሚይዘው ሮጦ ማምለጥ ያልቻለውን፣ ዘመድና ዋስ የሌለውን ድኻ ነው። ባለ ሚዛኑ ግን በሱቁ ተቀምጦ ይቀራል። ስለዚህ ሦስት ነገር አደራ እልሃለሁ። ስትገዛ ባዶውን ሚዛን ተመልከት፤ ይህ ስድብ አይደለም፣ እውነተኛ ነጋዴም ደስ ይለዋል እንጂ አይቆጣም። ሕዝብ «ሌባ!» ብሎ ሲጮኽ ያላየኸውን አብረህ አትጩኽ፤ ይልቅስ እንደዚያ አሥር አለቃ «ማን አየ?» ብለህ ጠይቅ። ያየህ እንደ ሆነ ግን እንጀራህ ቢቋረጥም ተናገር። እንጀራ ከሌላ ቦታ ይገኛል፤ በዝምታህ የተጐዳውን ሰው ግን ፈልገህ አታገኘውም።

እኔ ያን ልጅ ፈልጌ አላገኘሁትም። በሕይወት ካለ እርሱም እንደ እኔ ሸምግሏል። ይህን ጽሑፍ ያነብ ይሆናል ብዬ ተስፋ አላደርግም፤ ያን ጊዜ ፊደል አልቆጠረም ነበርና። ቢሆንም ለአሥር አለቃው በዚያ ቀን ልሰጥ ይገባኝ የነበረውን ቃል እነሆ ዛሬ ሰጠሁ፦ ቡናውን የሰረቀው ልጁ አልነበረም፤ ሚዛኑ ነበር፤ እኔም አውቅ ነበር።